የስኳር በሽታ ያለበት ሰው አምቡላንስ ሊነዳ ይገባዋልን? በአንድ የብሪታንያ መመሪያ ላይ የቀረበ ሂስ

ሂስ ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው በልብ ወለድ፤ በግጥም ወይም በቲያትር ላይ የሚሰጠው ፍርድ ነው። ነገር ግን የሰውን የእንጀራ ዕድል የሚወስን የመንግሥት መመሪያም በቃላት የተሠራ ጽሑፍ ነውና፤ እንደ ማናቸውም ድርሰት በጥንቃቄ ሊነበብ፤ ሐሳቡ ከምክንያቱ፤ ምክንያቱም ከዘመኑ ዕውቀት ጋር ሊመዛዘን ይገባዋል። ድርሰት ቢበላሽ አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ ይተወዋል፤ መመሪያ ቢበላሽ ግን የሚዘጋው የሰው የሥራ በር ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ለምርመራ የመረጥነው አንድ አጭር አንቀጽ ነው፤ ይኸውም በብሪታንያ ለሐኪሞች በሚታተመው የመንጃ ብቃት መመሪያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሰፈረው፤ ኢንሱሊን የሚወስዱ የስኳር በሽተኞች አምቡላንስንና የመሳሰሉትን የድንገተኛ አገልግሎት መኪናዎች እንዳይነዱ የሚመክረው አንቀጽ ነው።

ይህን አንቀጽ የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፤ ነገሩ የወጣቶች ነገር በመሆኑ ነው። አንደኛው ዓይነት የሚባለው የስኳር በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በልጅነትና በወጣትነት ዕድሜ ስለሆነ፤ ሰው ሙያውን በሚመርጥበት ጊዜ በሽታው ከጎኑ ቆሞ ይገኛል። ሁለተኛው፤ የውጭ አገር መመሪያ ተቀድቶ ከመወሰዱ በፊት ምን እንደሚልና ለምን እንደሚል መጠየቅ የተማሪ ግዴታ መሆኑን ስለምናምን ነው። የምንከራከርለትም ሐሳብ አንድ ነው። ለድንገተኛ ሕክምና ሥራ መመዘኛ ሊሆን የሚገባው፤ የሰውየው የደም ስኳር በዚያ ሥራ ላይ በድንገት የመውረዱ ዕድል ምን ያህል ነው የሚለው ጥያቄ ነው፤ የበሽታው ስም ወይም የመድኃኒቱ ስም ብቻውን ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፤ ሌላ ካልተባለ በቀር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መመሪያው ምን ይላል?

የብሪታንያ ሕግ ነጂዎችን በሁለት ክፍል ይመድባቸዋል። በመጀመሪያው ክፍል የቤት መኪናና የሞተር ብስክሌት ነጂዎች ይገኛሉ። በሁለተኛው ክፍል ደግሞ የትልልቅ ጭነት መኪናዎችና የአውቶቡስ ነጂዎች ይመደባሉ፤ ክብደቱ ከ3.5 ቶን በላይ የሆነ አምቡላንስም የሚጠይቀው ፈቃድ ከዚሁ ከሁለተኛው ክፍል ነው። ከ1991 ጀምሮ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የሁለተኛውን ክፍል ፈቃድ እንዳያገኝ ተከልክሎ ነበር። በኅዳር ወር 2011 ግን ይህ ክልከላ ተነሥቶ፤ በምትኩ ጥብቅ የሆኑ ግዴታዎች ተተኩ። ግዴታዎቹ በአጭሩ እነዚህ ናቸው። አመልካቹ ባለፉት 12 ወራት ውስጥ የሌላ ሰው ርዳታ እስከሚያስፈልገው ድረስ ስኳሩ ወርዶበት መሆን የለበትም፤ ስኳሩ ሲወርድ ምልክቱን ራሱ የሚያውቅ መሆን አለበት፤ መንዳት ከመጀመሩ በፊት ባሉት 2 ሰዓቶች ውስጥ፤ ከዚያም በየ2 ሰዓቱ ደሙን መለካት አለበት፤ መለኪያውም ውጤቱን መዝግቦ የሚያቆይ መሆን አለበት፤ በየዓመቱም በስኳር በሽታ ስፔሻሊስት ሐኪም መመርመር አለበት።

እስከዚህ ድረስ መመሪያው የሚያስመሰግን ነው። ሰውየውን ስለ ሁኔታው እየጠየቀና መልሱን በማስረጃ እየመዘነ ይሄዳል። ዳሩ ግን ስለ ድንገተኛ አገልግሎት መኪናዎች ወደሚናገረው አንቀጽ ሲደርስ የመመሪያው መንፈስ ይለወጣል። መንግሥትን የሚያማክረው የሐኪሞች ጉባኤ፤ ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች እነዚህን መኪናዎች ባይነዱ ይሻላል ይላል። ለዚህም የሚሰጠው ምክንያት፤ ሰውየው በሽታውን በሚያስመሰግን ሁኔታ የሚቆጣጠር ቢመስል እንኳ፤ ለድንገተኛ ጥሪ በሚሮጥበት ጊዜ የሚፈለገውን መለካት ለመፈጸም ይቸገራል የሚል ነው። ከዚህም ጋር፤ ምክሩ ለመንጃ ፈቃድ ጉዳይ የተሰጠ መሆኑንና በየሥራው ላይ እንዴት እንደሚተረጐም መወሰን የሌሎች ፋንታ መሆኑን ይጨምራል።

ከዚህ የሚወጣው ውጤት እንግዳ ነው። አንድ ሰው በማለዳ ተነሥቶ 40 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና ቀኑን ሙሉ በአውራ ጎዳና ላይ እንዲነዳ ይፈቀድለታል። ይኸው ሰው፤ በዚያው ዓይነት ፈቃድ፤ አምቡላንስ እንዳይነዳ ይመከራል። በብሪታንያ የአምቡላንስ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው መንዳቱንና በሽተኛ መርዳቱን እየተለዋወጡ ስለሚሠሩ፤ መንዳት የተከለከለ ሰው በተግባር ከሙያው ሊወጣ ይችላል። ስለ መሪው የተጻፈው ምክር ከኋላ ተቀምጦ በሽተኛ የሚረዳውን እጅ ጭምር ያስራል ማለት ነው።

የጉባኤው ምክንያት ክብደት አለውን?

ሂስ ፍትሐዊ እንዲሆን፤ የሚተቸውን ሐሳብ በጠንካራ ጎኑ መያዝ አለበት። የጉባኤው ምክንያት ቀላል አይደለም። ኢንሱሊን በ1921 እና በ1922 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ተገኝቶ ለሰው መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፤ ቀድሞ ሞት ይጠብቃቸው የነበሩ ሕፃናት አድገው፤ ተምረው፤ ወልደው ለመኖር ችለዋል። ነገር ግን መድኃኒቱ በጣፊያ ውስጥ በተፈጥሮ እንደሚመነጨው ኢንሱሊን እንደ ሁኔታው ራሱን አይመጥንም። አንዴ በመርፌ ከቆዳ ሥር ከገባ፤ ባለቤቱ በላም አልበላም፤ ተቀመጠም ሮጠም ሥራውን ይሠራል። ምግብና መድኃኒት ካልተገናኙ የደም ስኳር ይወርዳል። በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ከ70 ሚሊግራም በታች ሲሆን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከ54 በታች ሲወርድ አንጎል የሚያስፈልገውን ማጣት ይጀምራል። እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቃል፤ ልብ ይመታል፤ ከዚያም ሐሳብ ይበታተናል፤ ንግግር ይጎተታል፤ በመጨረሻም ሰውየው ራሱን ሊስት ይችላል።

የድንገተኛ ሕክምና ሥራ ደግሞ ይህን ሁኔታ ለመጥራት የተመቸ ነው። ሠራተኛው መርፌውን ተወግቶ ምሳውን ሊቀምስ ሲል ጥሪ ይመጣል፤ ምሳው ይቀራል፤ ኢንሱሊኑ ግን አይቀርም። በጥሪው ጊዜ ከድንጋጤ የተነሣ የሚመነጨው አድሬናሊን ስኳሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ በሽተኛ ተሸክሞ ደረጃ መውጣትና መውረድ ደግሞ ከሰዓታት በኋላ ሊያወርደው ይችላል። የሌሊት ተራ የምግብንና የእንቅልፍን ሥርዓት ያዛባል። ከዚህም የከፋው፤ በሽታው ለብዙ ዓመታት በቆየባቸው ወይም ስኳራቸው ደጋግሞ በወረደባቸው ሰዎች ላይ የማስጠንቀቂያው ምልክት ሊደበዝዝ መቻሉ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ላቡንና መንቀጥቀጡን ሳያይ በቀጥታ ወደ ሐሳብ መበታተን ይደርሳል። በአምቡላንሱ ውስጥ ተኝቶ የሚሄደው በሽተኛም ነጂውን መርጦ አልገባም፤ ሊወርድም አይችልም። ጉባኤው በዚህ በሽተኛ ስም መናገሩ ትክክል ነው።

እንግዲህ የኛ ክርክር አደጋ የለም የሚል አይደለም። አደጋው አለ፤ በሰዎች መካከል ያለው ልክ ግን በጣም የተለያየ ነው እንላለን። መመሪያውም ይህን ልዩነት በሌሎቹ አንቀጾች ካወቀ በኋላ በዚህኛው አንቀጽ መርሳቱ ያስተቸዋል።

የአንቀጹ ጉድለቶች

የመጀመሪያው ጉድለት፤ ምክንያቱ ከተወሰነ መሣሪያ ጋር የተያያዘ ሆኖ ሳለ መደምደሚያው ለዘለዓለም የተነገረ መምሰሉ ነው። በጥሪ ጊዜ መለካት ያስቸግራል የሚለው ቃል፤ ጣትን ወግቶ ደም በስትሪፕ ላይ በማንጠብ ለሚደረገው መለካት እውነት ነው። በአሁኑ ጊዜ ግን ከቆዳ ሥር ሆና በየጥቂት ደቂቃው ስኳርን የምትለካ ሴንሰር አለች። የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው በ1999 ሲሆን፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ ተሻሽሏል። ስኳሩ ሊወርድ ሲል አስቀድሞ የሚጮህ ነው፤ እጅንም አይጠይቅም። እርግጥ ነው፤ ሴንሰሯ የምትለካው ደሙን ሳይሆን በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ፤ ስኳር በፍጥነት በሚለዋወጥበት ጊዜ በደቂቃዎች ወደ ኋላ ትቀራለች። ስለዚህ ጣትን መውጋት ፈጽሞ አልቀረም። ነገር ግን የአንቀጹ ምክንያት በዚህ መጠን ከተዳከመ፤ መደምደሚያውም በዚያው መጠን እንደገና መታየት አለበት። እንደዚሁም ቀድሞ መደበኛው ኢንሱሊን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድሞ መወጋት ሲኖርበት፤ ከ1996 ጀምሮ ለገበያ የቀረቡት ፈጣን ኢንሱሊኖች ምግቡ ከፊት ከቀረበ በኋላ የሚወጉ ሆነዋል። ጥሪ ሲመጣ መርፌው ተወግቶ ምግቡ የሚቀርበት ጊዜ በዚህ ምክንያት ጠቧል።

ሁለተኛው ጉድለት፤ አንቀጹ የሚለወጥ ነገር አድርጎ የሚያየው ሰውየውን ብቻ መሆኑ ነው። ሥራው ራሱ ሊለወጥ መቻሉን አያነሣም። ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ የሚሆነው የአውሮፕላን አብራሪዎች ሁኔታ ነው። ያችው ብሪታንያ ከ2012 ጀምሮ ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች በሁለት አብራሪዎች በሚመራ የመንገደኞች አውሮፕላን ላይ እንዲሠሩ ፈቅዳለች፤ አሜሪካም በ2019 ለአየር መንገድ አብራሪዎች ተመሳሳይ መንገድ ከፍታለች። የብሪታንያው ሥርዓት እንደ መንገድ መብራት በሦስት ቀለም የተከፈለ ነው። አብራሪው ከበረራ በፊት፤ በበረራ ላይም በየሰዓቱ፤ እንዲሁም ከማረፉ በፊት በነበሩት 30 ደቂቃዎች ውስጥ ይለካል። በአንድ ዴሲሊትር ከ90 እስከ 270 ሚሊግራም ከሆነ አረንጓዴ ነውና ሥራውን ይቀጥላል። ከዚህ ወጣ ካለ ቢጫ ነውና ይበላል ወይም መድኃኒት ይወስዳል። ከ72 በታች ወይም ከ360 በላይ ከሆነ ግን ቀይ ነው፤ መሪውን ለጓደኛው ያስረክባል። የሚለካበትን ጊዜ ለአብራሪው ጠባይ ብቻ አልተዉትም፤ የሥራው ሥርዓት አካል አድርገውታል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ራሱ ይመጣል። መንገደኞች በጫነ አውሮፕላን ላይ ሁለተኛው ሰው ዋስትና ከሆነ፤ ሁለት ሠራተኞች በሚወጡበት አምቡላንስ ላይ ስለምን ዋስትና አይሆንም? አምቡላንስ ከአውሮፕላን የሚለይበት ነገር መኖሩን አንክድም። የአምቡላንስ ጥሪ ሰዓቱ አይታወቅም፤ ከኋላ ያለው ሠራተኛ በሽተኛ ይዟልና በአንድ አፍታ መሪ ለመረከብ አይችልም። በሌላ በኩል ግን አምቡላንስ በመንገድ ዳር መቆም ይችላል፤ አውሮፕላን በደመና መካከል መቆም አይችልም። ደግሞም መቼ እንደሚለካ ሥርዓት ማውጣት ይቻላል፤ ተራ ሲጀመር፤ ጥሪ ሲቀበሉ፤ በሽተኛውን ለሆስፒታል ሲያስረክቡ። አንቀጹ ይህን ልዩነትና ተመሳሳይነት መዝኖ አይሆንም ቢል ኖሮ እንቀበለው ይሆናል። የምንወቅሰው ሳይመዝን በመቅረቱ ነው።

ሦስተኛው ጉድለት፤ ምክር ሰጥቶ ኀላፊነትን ለሌላ መተዉ ነው። ውሳኔው የየቀጣሪው ነው መባሉ ላይ ላዩን ሲታይ ነፃነት ይመስላል። በተግባር ግን የአንድ ሰው ዕድል በበሽታው ሁኔታ ሳይሆን በሚኖርበት አውራጃ እንዲወሰን ያደርጋል። ፈሪ ቀጣሪ የጉባኤውን ቃል እንደ ሕግ ቆጥሮ በሩን ይዘጋል፤ ደፋሩ ምክሩን አልፎ ይቀጥራል፤ ሁለቱም ትክክለኛውን መመዘኛ ከመመሪያው አላገኙም።

አራተኛውና ከሁሉ የከፋው ጉድለት፤ የጅምላ ክልከላ ሰዎች በሽታቸውን እንዲደብቁ መገፋፋቱ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ያገራችን ሰው። በዚህ ሥራ ላይ ግን በሽታን መደበቅ የሚጎዳው ደባቂውን ብቻ አይደለም። ሥራውን እንዳያጣ የፈራ ሠራተኛ በጓደኛው ፊት ደሙን አይለካም፤ በኪሱ ስኳር መያዙን አያሳይም፤ ስኳሩ እንዳይወርድበት ሲል ሆን ብሎ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ በዚህም ዓይኑንና ኩላሊቱን በዓመታት ያበላሻል። አንድ ቀን ቢወርድበትም ጓደኛው ምን እንደነካው አያውቅምና 15 ግራም ያህል ስኳር ፈጥኖ ሊሰጠው ሲገባ የሰከረ ይመስለዋል። በሽተኛውን ለመጠበቅ የወጣው ቃል በዚህ ጊዜ በሽተኛውን ለባሰ አደጋ ያጋልጠዋል።

የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የሄዱበት መንገድ

ይህ ሁሉ ክርክር በሌላ አገር ምን መልክ እንደያዘ ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ የፌዴራሉ መንግሥት ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ከክፍለ አገር ወደ ክፍለ አገር በሚያልፍ የንግድ መኪና ላይ እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር። ደንቡ የተጻፈው ለጭነት መኪናና ለአውቶቡስ ቢሆንም ጥላው ከዚያ አልፎ ይደርስ ነበር። በ1993 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከዳላስ ከተማ በመጣ ክርክር ላይ፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ነጂ ከማን ማንነቱ ጋር ሳይያያዝ አደገኛ ነው ሲል ፈረደ። በ1999 በዚያው ፍርድ ቤት፤ በሳን አንቶኒዮ ከተማ ፖሊስ ለመሆን ያመለከተ አንድ ሰው ጉዳይ ቀረበ። ፍርድ ቤቱም የሕክምናው መሻሻል ያንን የጅምላ ፍርድ አፍርሶት እንደሆነ እንዲመረመር ነገሩን ወደ ታች መለሰው። በ2002 ነገሩ ተመልሶ ሲመጣ፤ ሕጉ ለያንዳንዱ ሰው ለብቻው የሚደረግ ምርመራን ያዛል ብሎ ወሰነ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ፍርድ ቤት ከበሽታው ስም ወደ ሰውየው ተመለሰ።

በዚህ ታሪክ መካከል ግን ልንዘለው የማይገባ አንድ ተቃርኖ አለ። በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ፤ ሰው በጉዳቱ ምክንያት ከሥራ እንዳይገለል ይከላከል ነበር። በ1999 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስለ ዓይን መነጽር በቀረበ ክርክር ላይ፤ ጉዳቱ መታየት ያለበት ሰውየው መነጽሩን ካደረገ ወይም መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ነው ሲል ፈረደ። ስለዚህ ኢንሱሊኑን በሚገባ የሚወስድ ሰው፤ ደኅና ነህና ሕጉ አይጠብቅህም ይባል ጀመር። ቀጣሪው ደግሞ በሽተኛ ነህና አልቀጥርህም ሊለው ይችላል። አንድን ሰው ለመከልከል ሲፈለግ በሽተኛ፤ መብት ሲጠይቅ ጤነኛ የሚያደርግ ሚዛን ሁለት ሚዛን ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2008 ሕጉን ያሻሻለው ይህንና የመሰለውን ስሕተት ለማረም ነው። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ የሚሰጠው እፎይታ ሳይቆጠር በሽታው እንደ በሽታነቱ ይታያል፤ አደገኛነት ግን በአራት ጥያቄዎች ይመዘናል፤ አደጋው ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል፤ ጉዳቱ ምን ያህል ከባድ ነው፤ የመድረሱ ዕድል ምን ያህል ነው፤ የሚደርሰውስ መቼ ነው የሚሉ ናቸው።

በመጨረሻም በ2018 የንግድ መኪናው ክልከላ ራሱ ተሻረ። ከዚያ ዓመት ኅዳር ጀምሮ በሽተኛውን የሚያክመው ባለሙያ በሦስት ወር ውስጥ የተመዘገበውን የስኳር ልክ አይቶ ያረጋግጣል፤ ከዚያም መርማሪው ሐኪም ይወስናል። ከባድ የስኳር መውረድ ቢደርስ ነጂው ምክንያቱ እስኪታወቅና እስኪስተካከል ድረስ ከመሪው ይርቃል። የጭነት መኪና ደንብ እዚህ ከደረሰ፤ የአምቡላንስ ምክር ወደ ኋላ የሚቀርበት ምክንያት አይታየንም።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በአገራችን የድንገተኛ ሕክምና ገና ወጣት ሙያ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት የተጀመረው በ2010 ነው። ሙያው ወጣት ሲሆን ደንቡም ገና በመጻፍ ላይ ስለሚሆን፤ ከሌሎች ስሕተት ለመማር ዕድል አለው። እንደ አገራችን አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. የወጣው ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 568፤ ሥራው የሚጠይቀውን ብቃት ያሟላ ሰው በጉዳቱ ምክንያት እንዳይገለል ይደነግጋል። በዚህ መንፈስ ሲታይ፤ የጅምላ ክልከላ ለኛም እንግዳ ሊሆን ይገባዋል።

ዳሩ ግን የብሪታንያንና የአሜሪካንን አዲስ ደንብ ቃል በቃል መቅዳትም ሌላ ስሕተት ነው። የነዚያ ደንቦች መሠረት ብዙ ስትሪፕ፤ ሴንሰርና ፈጣን ኢንሱሊን መኖሩ ነው። በኛ አገር ብዙው በሽተኛ የሚወስደው መደበኛውንና ኤን ፒ ኤች የሚባለውን ኢንሱሊን ነው። ኤን ፒ ኤች ከተወጋ ከ4 ሰዓት በኋላ ጀምሮ ኃይሉ ከፍ ስለሚል፤ ባለቤቱ በዚያ ሰዓት ምግብ ማግኘት አለበት። በየ2 ሰዓቱ ተለካ የሚል ደንብም፤ ስትሪፑን በሽተኛው ከኪሱ የሚገዛ ከሆነ፤ በጎ መስሎ ድኃውን ብቻ የሚያስወጣ ደንብ ይሆናል። የጾም ነገርም አለ፤ እስከ ቀትር በኋላ ወይም እስከ ማታ ሳይበላ የሚውል ሠራተኛ መድኃኒቱን ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ማስተካከል ይኖርበታል። እንዲሁም አደጋው ከኢንሱሊን ጋር ብቻ የሚሄድ አይደለም። በአፍ የሚወሰደው ግሊቤንክላማይድ ስኳርን ከመጠን በታች ሊያወርድ ሲችል፤ ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ይህን የማድረጉ ዕድል አነስተኛ ነው። የስኳር በሽታ የሚለውን ቃል ብቻ በጤና ምርመራ ወረቀት ላይ አይቶ የሚፈርድ ሰው እነዚህን ሁሉ አንድ ያደርጋቸዋል።

ስለዚህ እንደ እኛ አስተያየት፤ የስኳር በሽታ ያለበትን ወጣት ለዚህ ሥራ የሚመረምር ሐኪም አምስት ጥያቄ ቢጠይቅ ይበቃዋል። የሚወስደው መድኃኒት ምንድን ነው? ባለፈው ዓመት የሌላ ሰው ርዳታ የሚያስፈልገው የስኳር መውረድ ደርሶበታልን? ስኳሩ ሲወርድ ራሱ ያውቃልን? ዓይኑና እግሩ ለሥራው ይበቃሉን? የመለካት ልማዱስ በጽሑፍ የተመዘገበ ነውን? ቀጣሪውም በበኩሉ ሦስት ጥያቄ ሊመልስ ይገባዋል። ስትሪፑን ማን ይገዛል? የተራው ጓደኛ ስኳር የወረደበትን ሰው እንዴት እንደሚረዳ ተምሯልን? ነጂው ስኳሩ ዝቅ ብሏል ብሎ መሪውን ሲያስረክብ ከደመወዙ ይቆረጥበታልን? የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ግን እውነቱን የተናገረ የሚቀጣበት ቦታ እውነት የሚናገር ሰው አይገኝበትም።

በነዚህ ጥያቄዎች ተመዝኖ የማያልፍ ሰው ይኖራል፤ ይህንንም በግልጽ ልንናገር ይገባናል። የማስጠንቀቂያ ምልክቱ የጠፋበት ሰው፤ ቢያዝንም ከመሪው መራቅ አለበት። ለርሱም ቢሆን ፍርዱ የዕድሜ ልክ መሆን የለበትም፤ ስኳሩ እንዳይወርድ ለሳምንታት በጥንቃቄ ከተጠበቀ ምልክቱ ሊመለስ እንደሚችል የታወቀ ነው። ነጂው ብቻውን በሚወጣበት ወረዳም መስፈርቱ ሁለት ሆነው ከሚወጡበት ቦታ ይልቅ ጠበቅ ሊል ይገባዋል። ድንገተኛ ሕክምናም በአምቡላንስ መሪ ላይ ብቻ አያልቅም፤ ጥሪ የሚቀበል፤ በሽተኛን በደረጃ የሚለይ፤ በድንገተኛ ክፍል የሚያክም ሰው ያስፈልጋል። ከአንዱ በር የተመለሰ ሰው ከሁሉም በር እንደተመለሰ እንዳይቆጠር ደንቡ በግልጽ ሊጽፈው ይገባል።

በወንጌል ሐኪም አስቀድሞ ራሱን እንዲያድን የሚጠይቅ የታወቀ ምሳሌ አለ፤ የሚነገረውም ብዙ ጊዜ ለመንቀፍ ነው። በየቀኑ ደሙን እየለካ፤ ምግቡን እየመጠነ፤ መድኃኒቱን እያስተካከለ ያደገ ወጣት ግን ይህን ጥያቄ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመልስ የኖረ ነው። ላብ ያጠመቀው፤ ንግግሩ የተጎተተ ሰው በመንገድ ዳር ወድቆ ሲገኝ፤ ሰካራም ነው ብለው ከሚያልፉት መካከል መጀመሪያ የሚቆምለት እርሱ እንደሚሆን እናስባለን። ይህ ብቻውን ለሥራው ያበቃዋል አንልም። ሳይመረመር ሊባረር እንደማይገባው ግን በቂ ምክንያት ነው። የመምህራኖቻችንንና የጓደኞቻችንን፤ ይልቁንም በሕክምናና በሕግ ትምህርት ላይ ያሉትን፤ ተቃውሞም ሆነ ማሻሻያ በሚቀጥለው እትም ለማንበብ ዝግጁ ነን።